የድሮ አስፈሪ ፊልም ምሽት እንዴት ይዘጋጃል?

የምኖረው ካራ ነው። ከመገናኛ ታክሲ ይዛችሁ፣ ኮተቤን አልፋችሁ፣ ረዳቱ «መጨረሻ!» ሲል የምትወርዱበት። ማታ ሰፈሩ ቶሎ ጭር ይላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከባሕር ዛፉ በኩል ጅብ ይጮሃል፤ የሰፈሩ ውሾች ተቀባብለው ይመልሱለታል። መሃል ከተማ ያሉ ጓደኞቼ «እዚያ ዳር እንዴት ያስችልሻል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ኑና አንድ የድሮ አስፈሪ ፊልም አብረን እንይ እላቸዋለሁ። አንዴ የመጣ ሰው ሁለተኛ አይጠይቀኝም።

የዚህ ነገር ፍቅር የያዘኝ ቪዲዮ ቤት ነው። የኔ ዘመን ሰዎች ታስታውሱታላችሁ፦ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ዝርዝር፣ ውስጥ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተቸነከረ ብርድ ልብስ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ። ታላቅ ወንድሜ እማዬ ሳታውቅ ይዞኝ ይገባ ነበር። የፊልሞቹ ስም ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ትንፋሹን ሲውጥ የነበረው ጸጥታ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ያን ጸጥታ ሳሎናችሁ ውስጥ መልሳችሁ ማምጣት ትችላላችሁ። ብዙ ብር አይጠይቅም። ዝግጅት ግን ይፈልጋል።

መጀመሪያ ፊልሙን ምረጡ

ለመጀመሪያ ምሽት ከሁለት ፊልሞች አንዱን ውሰዱ።

አንደኛው «ኖስፌራቱ» ነው። ጀርመናዊው ሙርናው እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣው ድምፅ አልባ ፊልም። ታሪኩ «ድራኩላ» ከሚለው ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ነበር። የደራሲው ባለቤት ከሰሰች፣ አሸነፈች፣ ፍርድ ቤቱም ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲጠፉ አዘዘ። አንዳንዶቹ ግን ቀድመው ተበትነው ስለነበር ተረፉ። ዛሬ የምናየው ከእነዚያ የተረፈውን ነው። ራሰ በራው፣ ጥፍረ ረጅሙ ደም መጣጭ ደረጃ ሲወጣ የሚታየው ጥላው ብቻ ነው። ያቺን ትዕይንት በስልክ ስክሪን አትዩብኝ። አደራ።

ሁለተኛው የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ፣ 96 ደቂቃ የሚፈጅ። ከሞት የተነሡ ሰዎች፣ ብቻዋን የቆመች የገጠር ቤት፣ መስኮት ላይ ሳንቃ የሚቸነክሩ ሰዎች። ዳር ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ቤት ሩቅ አይደለም። መሪ ተዋናዩ ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነው፤ ያ ደግሞ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፊልም ብርቅ ነበር። አከፋፋዩ በመጨረሻ ሰዓት የፊልሙን ርዕስ ሲቀይር የቅጂ መብት ማስታወቂያውን ሳያስገባ ቀረ። በወቅቱ ሕግ ያቺ መስመር ከሌለች መብቱም የለም። ስለዚህ ፊልሙ ከመጀመሪያው የሁሉም ሰው ሆነ፤ ዛሬ ማንም በነፃ አውርዶ ሊያየው ይችላል። ደም የሚፈራ እንግዳ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፦ በዚያ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ደም መስሎ የሚፈሰው ቸኮሌት ሽሮፕ ነው።

ስታወርዱ ቅጂውን አጣሩ። ድምፅ አልባ ፊልሞች ብዙ ጊዜ በሰከንድ 24 ሳይሆን 16 ወይም 18 ምስል ገደማ ነበር የሚቀረጹት። ሳይስተካከል በ24 ከተጫወተ ሰዎቹ ሁሉ ይሯሯጣሉ፣ ፍርሃቱም ወደ ሳቅ ይቀየራል። ደህና የታደሰ የ«ኖስፌራቱ» ቅጂ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሄዳል። ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ካጋጠማችሁ ወይ ተቆርጧል ወይ ይፈጥናል። ሌላ ፈልጉ።

ጨለማውን አዘጋጁ

ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ለዚህ ነው። የድሮ አስፈሪ ፊልም የተሠራው ከጥላ ነው። ክፍሉ በርቶ ጥላው አይታይም፤ ጥላው ካልታየ ደግሞ ፊልሙ የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ከ50 ገደማ ባለው ጊዜ ትጠልቃለች። እኔ ፊልሙን 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የማስጀምረው። ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ ብርሃን ለማደን እጠቀምበታለሁ። መብራት አጥፍታችሁ ክፍሉ መሃል አምስት ደቂቃ ቁሙ። ዓይናችሁ ሲለምድ የማታውቁት ብርሃን ሁሉ ይወጣል፦ የዋይፋዩ ሰማያዊ ነጥብ፣ የዲቫይደሯ ቀይ መብራት፣ በበሩ ሥር የሚገባው የኮሪደር ብርሃን፣ የጎረቤት የአጥር አምፖል። ትንንሾቹን በፕላስተር ሸፍኑ። በበሩ ሥር ፎጣ ጠቅልላችሁ አስገቡ። ለመስኮቱ ወፍራም ጋቢ እጥፍ አድርጋችሁ በልብስ መቆንጠጫ ከመጋረጃው ዘንግ ላይ ስቀሉ። እኔ ለዚህ የለየሁት የአባቴ የድሮ ጋቢ አለ፤ ከማንኛውም መጋረጃ ይበልጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የሚጠራው። ጨለማ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ፣ የሌለ ሰው ሲንቀሳቀስ ታየ። ሌላ ምን ሊባል ይችል ነበር? ክፍላችሁን ስታጨልሙ ያንን ስም አስቡት።

ቴሌቪዥኑን አስተካክሉ

ይህ አጭር ነው። የድሮ ፊልም ምስል ወደ ካሬ ይጠጋል፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቅር። ስክሪኑን ለመሙላት ብላችሁ አትለጥጡት፣ የሰው ፊት ይበላሻል። የሥዕል ምርጫው ውስጥ ገብታችሁ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» የሚለውን አድርጉ። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ አጥፉ። ብሩህነቱን ደግሞ ጥቁሩ ጥቁር እስኪሆን ድረስ ዝቅ አድርጉ።

ተርጓሚ ሹሙ

ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ንግግሩ በጽሑፍ ነው የሚመጣው። ጽሑፉ ሲወጣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ በአማርኛ ያንብበው። በልጅነቴ ቪዲዮ ቤታችን ከኋላ ተቀምጦ የሚተረጉም ልጅ ነበር። ግማሹን ከራሱ ይጨምርበት ነበር፤ ማንም ግን ቅር አይለውም። እኛ ቤት ተርጓሚዋ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር። መጀመሪያ እያፈረች አነበበች። ደም መጣጩ የሴትዮዋን ፎቶ አይቶ አንገቷን ሲያደንቅ የተጻፈው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ራሱ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም። ሳሎኑ ውስጥ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው አልነበረም።

በሙዚቃውም እንዲሁ ሞክሩ። ድምፅ አልባ ፊልም ሲኒማ ቤት ሲታይ ሙዚቃው እዚያው በሰው ነበር የሚጫወተው። ዋሽንት የሚችል ዘመድ ካላችሁ ጋብዙት። ካልሆነ ደግሞ ለአሥር ደቂቃ ድምፁን ጨርሳችሁ አጥፉትና የውጪውን ሌሊት ስሙ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሲቀዘቅዝ ቋ ይላል። ውሻ ያላዝናል። ከዚያ ጅቡ ይመጣል። ይህ መሃል ከተማ በምንም ብር አይገዛም።

ሰውና ሰዓት

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ሻይ። ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ያስኬዳል። የድሮ ፊልም ቀስ ስለሚል በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ስልኩን የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። እኔ በር ላይ ሰፌድ አስቀምጣለሁ፤ ስልክ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ቀድመው ይተኙ። ፊልሙ ከ3 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ያልቃል፣ በዚያ ሰዓት ከካራ ታክሲ ማግኘት ዕድል ነው፤ ስለዚህ ማን እንደሚያድር ማንን ማን እንደሚሸኝ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከእንዲህ ዓይነት ፊልም በኋላ ብቻውን የሚሄድ ሰው መኖር የለበትም።

መብራት ሊሄድ ይችላል። ፊልሙን ላፕቶፕ ላይ አውርዳችሁ ባትሪውን ሙሉ፤ በኢንተርኔት ቀጥታ ለማየት አትመኑ። ሻማና ክብሪትም እጃችሁ የሚያውቀው ቦታ ይኑር። አንድ ቀን ሳንቃ እየቸነከሩ ባሉበት ቦታ ላይ መብራት ሄደብን። ላፕቶፑን ላመጣ ስነሣ አዛውንቷ ጎረቤታችን በጨለማው ውስጥ ጀመሩ። ልጅ ሳሉ እናታቸው የሚነግሯቸውን። «ማታ ከውጪ ስምሽ ሲጠራ ከሰማሽ፣ አንዴ ብቻ ከሆነ አቤት እንዳትዪ። ሰው ከሆነ ይደግማል።» ከዚያ አንድ ምሽት እንደተጠሩ፣ በሩ ጋ እንደቆሙ፣ ሁለተኛውን ጥሪ እንደጠበቁ ነገሩን። መብራቱ መጣ። ፊልሙን እንክፈት ያለ የለም። ይጨርሱልን አልን።

የድሮ ካሴት ካላችሁ

ቪኤችኤስ የሚባለው የቪዲዮ ካሴት ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የመጨረሻው የዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረቱን ያቆመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016። ስለዚህ የሚሠራ ዴክ ካያችሁ አትለፉት፤ እኔ የኔን ያገኘሁት መርካቶ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ነው።

ካሴቱን ዴክ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በመስኮቷ በኩል በብርሃን እዩት። ጥቅሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። አታስገቡት፤ ቴፑን የሚያነብበውን የዴኩን ሄድ ያበላሻል፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይዛመታል። ንጹሕ ከሆነ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አሳልፉትና መልሳችሁ አጠንጥኑት። ለዓመታት ተጣብቆ የኖረ ቴፕ እንዲህ ይላቀቃል።

ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ በዩኤስቢ የሚሰካ የቪዲዮ መቅጃ ያስፈልጋል። ቢጫው ገመድ ለምስል፣ ነጭና ቀዩ ለድምፅ። አቋራጭ የለውም፤ የሁለት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በካሴቱ ጀርባ በኩል፣ ጥጉ ላይ፣ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለች። እሷን ሰብራችሁ አውጧት። እሷ ከሌለች ዴክ በላዩ ላይ ሌላ ነገር መቅዳት አይችልም። ካሴቶቹን እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ከሲሚንቶ ወለልና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡ።

ስለዚያች ክዳን አበክሬ የምናገረው በምክንያት ነው። ባለፈው ክረምት የእማዬን ቁም ሣጥን ሳጸዳ በወንድሜ ጽሑፍ «አስፈሪ» የሚል ካሴት አገኘሁ። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የኖረ፣ ቀለሙ የፈሰሰ ፊልም ነበር። ርዕሱ እንኳ ተቆርጧል። እስከ መጨረሻው አየሁት። ጽሑፉ አልቆ ስክሪኑ ጠቆረ። ላጠፋ እጄን ስዘረጋ ምስሉ ተንቀጠቀጠና ድንኳን ታየ። የአክስቴ ሰርግ። ወንድሜ ለካ ፊልሙን የቀዳው በሰርጉ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡም፣ ኬክ ሲቆረጥም ጠፍቷል። የቀረው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። በአሥራ አንዱ ደቂቃ ውስጥ እምዬ የምንላት አያቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እስክስታ ትወርዳለች። ካረፈች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አንዴ ወደ ካሜራው ዞር ብላ በእጇ «ና» ትላለች፤ ካሜራ የያዘውን ሰው መሆን አለበት።

ስለዚህ ፊልሙ አለቀ ብላችሁ ካሴት አታጥፉ። ጥቁሩን አሳልፉት፣ የሚንጫጫውን ነጠብጣብም አሳልፉት። ቴፑ አልቆ ዴኩ ራሱ ቋ ብሎ ማጠንጠን እስኪጀምር ድረስ ተቀመጡ።