በድሮ ሰፈር አዲስ ቤት ስትሠሩ፦ ከመስታወቱ በፊት ጣሪያውን አስቡ

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አራት ኪሎ ወይም ሌላ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈር ውስጥ የቤተሰቡን ጭቃ ቤት አንስታችሁ አዲስ ልትሠሩ ነው? እኛም በቅርቡ ያለፍንበት ነው። አንድ ነገር ልለምናችሁ። አሮጌውን ቤት ከማፍረሳችሁ በፊት አጥኑት። የት ጋ ይሞቃል? ጠዋት ፀሐይ የምትገባው በየትኛው መስኮት ነው? እናታችሁ ወንበር አውጥተው የሚቀመጡት ለምን እዚያ በረንዳ ላይ ሆነ?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ። ስለዚህ ኤሲ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊት የሚያቆይ ቤት ነው። ጭድ የተቦካበት ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ይህን ሲያደርግ ኖሯል። ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ ቤት ግን ቀን ያፍናል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል።

መጀመሪያ ፀሐይዋን ተከተሉ። ቦታችሁ ከፈቀደ የቤቱ ረጅም ጎን ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን ይዙር። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሌሊቱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ወቅት፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ነው የምታልፈው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከፍታዋ 58 ዲግሪ ያህል ነው። የጣሪያው ክፈፍ 60 ሳንቲም ወጣ ቢል እንኳ በዚያ ሰዓት የሚያጠላው ከሥሩ 95 ሳንቲም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያለው መስታወት ፀሐዩን እንዳለ ያስገባል። ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ሙቀቱን ይይዘዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ምንጣፍ አታንጥፉ። መኝታ ቤት ወደ ምሥራቅ ቢሆን የጠዋት ፀሐይ ትቀሰቅሳችኋለች። በምዕራብ በኩል ትልቅ መስታወት አታድርጉ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትመጣን ፀሐይ ክፈፍ አይመልሳትም።

ገንዘባችሁን ጣሪያ ላይ አውሉት። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ደግሞ ያለውን ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ይለቃል። እኛ ኮርኒሱ ላይ ምንም ሳንደርብ ገባን። ጥቅምትን በሁለት ብርድ ልብስ አሳለፍን። በኋላ ኮርኒሱን ከፍተን ፎም ስናነጥፍ ወጪው ከመጀመሪያው ብናደርገው ከሚሆነው በጣም በለጠ። ስለዚህ ፎርማኑ «ይሄ ቅንጦት ነው» ቢላችሁም አትስሙት። ኮርኒሱ ሳይዘጋ አስነጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱም በቱቦ ይለፍ። ከቆርቆሮውና ከኮርኒሱ መሃል ላለው ክፍት ቦታ ትንንሽ የአየር መውጫ ተዉለት፤ ያለዚያ ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ሥር ውኃ ይንጠባጠባል።

ለግድግዳ ቢያንስ ባለ 20 ብሎኬት እላለሁ። አቅም ካለ ከመሠረቱ በላይ አንድ ሜትር ያህል በድንጋይ አስገንቡ። ከድሮዎቹ ቤቶች ጋርም ይመሳሰላል።

ምጣድን አትርሱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊፈጅ ይችላል። የራሱ መስመር ይኑረው። ማድ ቤቱ እንደ ድሮው ከዋናው ቤት ወጣ ቢል እንፋሎቱ ሳሎን አይገባም። የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ ጋግሩ፣ የመጨረሻዋን ደግሞ ካጠፋችሁ በኋላ በቀረው ሙቀት። ለገላ ውኃ የሶላር ማሞቂያ ጣሪያ ላይ ወደ ደቡብ አዙራችሁ ስቀሉ፤ ከቦይለር ያሳርፋችኋል።

የክረምቱ ዝናብስ? 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። 100 ካሬ ጣሪያ ካላችሁ በአሸንዳችሁ የሚያልፈው ከ100,000 ሊትር አያንስም ማለት ነው! የመጀመሪያውን ዝናብ ቆሻሻውን አጥቦ እንዲሄድ ልቀቁት፣ ከዚያ ወደ ሮቶ አስገቡ። ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለአትክልት ይበቃል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጎረቤት። ነባር ሰፈር ውስጥ ፀሐይ የጋራ ናት። 7 ሜትር ቁመት ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ ሰሜን 4 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል። ጠዋትና ማታ ደግሞ ይረዝማል። የእናንተ ቤት ሞቆ የጎረቤት ግቢ ከበረደ ምን ዋጋ አለው? ፕላኑ ሳያልቅ ሄዳችሁ ጠይቁ። ልብስ የሚያሰጡት የት ነው? የእድሩ ድንኳን የሚተከለውስ? እኛ የመጀመሪያውን ንድፍ ይዘን በሰሜን በኩል ያሉት እማማ ዘንድ ቡና ላይ ቀረብን። ወረቀቱን አይተው ምንም አላሉም፣ ግቢያቸውን ብቻ በእጃቸው አሳዩን። በርበሬ ተሰጥቶ ነበር፣ ልክ ጥላው በሚያርፍበት ቦታ። ፎቁን ሁለት ሜትር ወደ ደቡብ ሳብነው። አንድ መኝታ ቤት ጠበበ። እማማ ዘንድሮም በርበሬያቸውን እዚያው ነው ያሰጡት።