ቡድንዎ ወደ ፕሌይኦፍ ሲቃረብ የሴፕቴምበርን ስሌት መከታተያ መንገድ

የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ የሆነው የሜጀር ሊግ ቤዝቦል መደበኛ ውድድር ለእያንዳንዱ ቡድን 162 ጨዋታ የሚፈጅ በመሆኑ፣ በኤፕሪል የደረሰ ሽንፈት እምብዛም እንቅልፍ አይነሳም። የመደበኛው ውድድር ማብቂያ የሆነው ሴፕቴምበር ሲገባ ግን ውጤትን በማግስቱ ማየት ይበቃው የነበረ ደጋፊ እንኳ የራሱን ቡድን ብቻ ሳይሆን የተቀናቃኞቹንም ጨዋታ ሲከታተል ያመሻል። ጉጉቱ ደስታ የሚሆነው የሚያየውን ቁጥር ትርጉም ላወቀ ሰው ነው፤ ያላወቀው ወይ በከንቱ ይጨነቃል፣ ወይ ሳይደርስ ይጨፍራል።

በመጀመሪያ ቡድንዎ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ሻምፒዮኑ ወደሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ በየትኛው መንገድ ለማለፍ እየታገለ እንደሆነ ይለዩ። 30ዎቹ ቡድኖች በአሜሪካን ሊግና በናሽናል ሊግ እኩል የተከፈሉ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሊግ አምስት አምስት ቡድን ያላቸው ሦስት ዲቪዥኖች አሉት። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ከየሊጉ ሦስቱ የዲቪዥን አሸናፊዎችና ከቀሩት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው ሦስት የዋይልድ ካርድ ቡድኖች ያልፋሉ። ከዲቪዥን አሸናፊዎቹ ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ሁለቱ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ይዘሉታል። የቀሩት አራቱ ግን ሁለት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት አጭር ዙር ይገናኛሉ፤ ጨዋታዎቹም በሙሉ በደረጃ ከፍ ባለው ቡድን ሜዳ ይካሄዳሉ። ስለዚህ ማለፉ ከተረጋገጠም በኋላ በስንተኛ ደረጃ እንደሚታለፍ መከታተል ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የደረጃ ሰንጠረዡን ሲከፍቱ ዓይንዎን አስቀድመው የሽንፈት ዓምድ ላይ ያሳርፉ። ብዙ ሰው የሚያየው ከመሪው ጋር ያለውን የጨዋታ ልዩነት ነው፤ ነገር ግን ቡድኖች የተጫወቱት ጨዋታ ብዛት እኩል በማይሆንበት ጊዜ ይህ ቁጥር ያሳስታል። ያልተደረገ ጨዋታ ገና ድልም ሽንፈትም ሊሆን የሚችል ሲሆን፣ የደረሰ ሽንፈት ግን አይፋቅም። በእኔ ግምት በወሩ መጨረሻ ከሁሉም የበለጠ እውነቱን የሚናገረው ይህ ዓምድ ነው።

ቡድንዎ የሚመራ ከሆነ ደጋፊዎች ማጂክ ነምበር የሚሉትን ቁጥር፣ ማለትም መሪነቱ እስኪረጋገጥ የሚቀረውን የመሪው ድልና የተከታዩ ሽንፈት ድምር፣ ራስዎ ያስሉ። ከ163 (ከ162ቱ ጨዋታ በአንድ ከሚበልጠው ቁጥር) ላይ የመሪውን ድልና የተከታዩን ሽንፈት መቀነስ ብቻ ነው። ለምሳሌ መሪው 88 አሸንፎ 64 ተሸንፎ፣ ተከታዩ ደግሞ 84 አሸንፎ 67 ተሸንፎ ከሆነ፣ ልዩነታቸው (የድልና የሽንፈት ልዩነታቸው ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል) 3.5 ጨዋታ ነው፤ ከ163 ላይ 88 እና 67 ሲቀነስ ደግሞ 8 ይቀራል። መሪው ባሸነፈ ወይም ተከታዩ በተሸነፈ ቁጥር ይህ ቁጥር በአንድ ይቀንሳል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ተገናኝተው መሪው ካሸነፈ በአንድ ምሽት በሁለት ይወርዳል። ዜሮ ሲደርስ ማለፉ ተረጋግጧል።

እዚህ ላይ አንድ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ሁለት ቡድኖች እኩል ሆነው ቢጨርሱ ቀድሞ ይደረግ የነበረው የመለያ ጨዋታ በ2022 ቀርቷል፤ አሁን የሚቀድመው በእርስ በርስ ግንኙነታቸው ብልጫ ያለው ቡድን ነው። የአንድ ዲቪዥን ቡድኖች በዓመት 13 ጊዜ ስለሚገናኙ ብልጫው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ብልጫው የቡድንዎ ከሆነ ከማጂክ ነምበሩ ላይ አንድ ይቀንሱ። የዚህ ሕግ ክብደት በ2024 በግልጽ ታይቷል። በአውሎ ነፋስ ምክንያት የተላለፉት የኒው ዮርክ ሜትስና የአትላንታ ብሬቭስ ሁለት ጨዋታዎች መደበኛው ውድድር ባለቀ ማግስት ሰኞ ተደረጉ። አሪዞና ዳይመንድባክስ የራሱን ጨዋታ ጨርሶ ከሁለቱ አንዱ ሁለቱንም እንዲሸነፍ ይጠብቅ ነበር። ሜትስ የመጀመሪያውን 8 ለ 7፣ ብሬቭስ ሁለተኛውን 3 ለ 0 አሸነፉ፤ ሦስቱም በ89 ድል እኩል ሲሆኑ፣ በእርስ በርስ ግንኙነት በሁለቱም የተበለጠው አሪዞና ብቻ ከውጭ ቀረ።

መሪነት ሰፊ ቢሆንም ከወዲሁ የድል በዓል አያዘጋጁ። በ2011 ቦስተን ሬድ ሶክስ በሴፕቴምበር መጀመሪያ በዋይልድ ካርዱ ፉክክር ታምፓ ቤይ ሬይስን በ9 ጨዋታ ይበልጥ ነበር። በመጨረሻው ምሽት፣ ሴፕቴምበር 28፣ ሁለቱ እኩል ነበሩ። ሬይስ በያንኪስ 7 ለ 0 ከተመራ በኋላ ተነስቶ፣ ተጫዋቹ ኢቫን ሎንጎሪያ በ12ኛው ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት የጨዋታ ክፍል) በመታው ሆም ራን፣ ማለትም ከሜዳው አጥር ውጭ በወጣ ምት፣ 8 ለ 7 አሸነፈ፤ ቦስተን ከዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ በባልቲሞር ኦሪዮልስ ተረትቶ ስለነበር ያለፈው ሬይስ ሆነ።

በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ኳሱን ለተቃራኒ መቺዎች ማን እንደሚወረውር ይከታተሉ። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ በሚጀምራቸው ጨዋታዎች መካከል ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ቀን ስለሚያርፍ፣ ማለፉን ቀድሞ ያረጋገጠ ቡድን ምርጡን ወርዋሪ ለፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ጨዋታ ማዘጋጀት ይችላል። እስከ መጨረሻው ቀን የታገለው ግን በዚያው ቀን ሊጠቀምበት ይገደዳል። በመጨረሻው እሑድ ጨዋታዎቹ ከሞላ ጎደል በአንድ ሰዓት ላይ ስለሚጀመሩ፣ የቡድንዎን በምስል እየተመለከቱ የተቀናቃኙን በውጤት ገጽ መከታተል ይበጃል።

ማለፉ በተረጋገጠ ማግስት ቡድንዎ ክፉኛ ቢሸነፍ አይደንግጡ። አሰልጣኙ በዚያ ቀን መደበኛ ተጫዋቾቹን አሳርፎ ተቀያሪዎቹን ማሰለፉ የተለመደ ነው።