ጥንታዊ የኦቶማን ሰይፍ እጅዎ ከገባ እነዚህን ስህተቶች ይራቁ

የድሮ ሰይፍ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማጽዳቱን ነው። እኔ ደግሞ የምለምነው ማጽዳቱን እንዲያቆየው ነው። ሰይፉ የት እንደተሠራና በማን እጅ እንደዞረ የሚናገረው ላዩ ላይ ባለው ምልክት ነው። ምልክቱ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

በብርጭቆ ወረቀት ማሸት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኼ ነው። ምርጦቹ የኦቶማን ሰይፎች ስለታቸው በተዘጋ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ከቀለጠ አረብ ብረት ይሠራ ነበር። ብረቱ ከህንድና ከፋርስ ይመጣል፤ የካርቦን መጠኑም 1.5 በመቶ አካባቢ ነው። ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ በመስመር በመስመር ይሰባሰባል። ባለሙያው ላዩን በቀጭን አሲድ ሲያጥበው የውኃ ሞገድ የመሰለ መልክ ይወጣል። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ካሹት ሞገዱ ይጠፋና ሰይፉ ተራ ብረት ይመስላል። ሞገዱን ጎበዝ ባለሙያ ሊመልሰው ይችላል። በአንዳንዱ ስለት ላይ ያለውን የወርቅ ጽሑፍ ግን ማንም አይመልሰውም። ወርቁ ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ጭረቶች ላይ ተጭኖ የተለጠፈ ስስ ነገር ስለሆነ በትንሽ ፈተጋ ይነሳል።

ቡናማና ጥቁር የሆነው የቆየ መልክ ሰይፉን አይጎዳውም፤ ይተዉት። የሚያሰጋው ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚራገፈው ብርቱካናማ ዝገት ነው። እሱን ትንሽ የስፌት መኪና ዘይት በነካ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለው ይጥረጉ። በዚህ ካልለቀቀ ለባለሙያ ይስጡት።

ጎባጣ ሰይፍን ሁሉ ኦቶማን ማለት

ክሊች የሚባለው የቱርኮች ሰይፍ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ይሰፋል፤ በዚያ ቦታ ጀርባውም ይሳላል። ይህ ክፍል የልማን ይባላል። የፋርሱ ሻምሺር ግን ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። ያታጋን ደግሞ ወደ ፊት የታጠፈ ነው፤ የእጅ መከላከያ የለውም፤ የእጀታው ጫፍ ጆሮ የመሰለ ነው።

አሳሳቹ ሌላ ነው። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር (ማሪን) መኮንኖች በ1825፣ የብሪታንያ ጄኔራሎች ደግሞ በ1831 እ.ኤ.አ. የማምሉክ (የድሮ ግብፅ ወታደራዊ ገዢዎች) ዓይነት እጀታ ያለው ሰይፍ መታጠቅ ጀመሩ። ላይ ላዩን ሲያዩት ከኢስታንቡል የመጣ ይመስላል። ስለቱ ሥር የአውሮፓ ሠሪ ስም ወይም ማኅተም ካለ ይፈልጉ። የእኛም አገር ጎራዴ ብዙ ጊዜ ከአውሮፓ የመጣ ስለት ስላለው፣ የአያት ጎራዴ ሲገኝ «የቱርክ ነው» ከማለት በፊት እስቲ ስለቱን በደንብ ይዩት።

እጀታውን አይቶ ስለቱን መገመት

ጥሩ ስለት ከእጀታው በላይ ዕድሜ አለው። በፋርስ ስለት ላይ የቱርክ እጀታ የተገጠመላቸው ሰይፎች ብዙ ናቸው። ሁለቱን ለየብቻ ይመርምሩ።

ጽሑፉን ወዲያው ማመን

በስለቱ ላይ የታወቀው የፋርስ ሰይፍ ሠሪ፣ የኢስፋሃኑ የአሳዱላህ ስም ካለ አይቸኩሉ። ስሙ ከእሱ ሌላ በብዙ ሰዎች እጅ በተሠሩ ስለቶች ላይ ተቀርጿል፤ የእሱ እጅ ያረፈባቸው ጥቂቶች ናቸው። 2፣ 4፣ 6 እና 8 ቁጥሮች ያሉበት ትንሽ አራት ማዕዘን ቢያዩም ዓመተ ምሕረት አይደለም፤ ባለቤቱን ይጠብቃል ተብሎ የሚቀረጽ ምልክት ነው።

እውነተኛ ዓመት ካገኙ አብዛኛውን ጊዜ በሒጅራ ነው። በ0.97 አባዝተው 622 ይደምሩ። 1223 ሒጅራ 1808 እ.ኤ.አ. ላይ ይወድቃል። ይህ የሱልጣኑ ቋሚ እግረኛ የነበረው የጃኒሳሪ ጦር በ1826 እ.ኤ.አ. ከመፍረሱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የኦቶማን ሠራዊት ወደ አውሮፓ ዓይነት መሣሪያ እያዘነበለ ስለሄደ፣ ዓመቱ ብዙ ይነግርዎታል።

በሰገባው ውስጥ መተውና በጉልበት መምዘዝ

ቆዳና እንጨት እርጥበትና አሲድ ይይዛሉ። ስለቱ ውስጡ ሲከርም ሳይታይ ይዝጋል። ሰይፉንና ሰገባውን ለየብቻ፣ በደረቅና ሙቀቱ በማይለዋወጥ ቦታ ያኑሩ። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ በጣም ከደረቀ ግን ቀንዱና እንጨቱ ይሰነጠቃሉ።

የልማኑ ሰፊ ስለሆነ አንዳንድ ሰገባ በአፉ አጠገብ በጀርባው በኩል ክፍት ነው። ሰይፉ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ በኩል ነው። ሲምዘዙ ቢይዝብዎት አይጎትቱ፤ ያረጀ ሰገባ ተሰንጥቆ ጣትዎን ሊያስቆርጥ ይችላል። በባዶ እጅም አይንኩት፤ የላብ ጨው የጣት አሻራ ዝገት ይተዋል።

የምግብ ዘይት መቀባት

ይደርቅና ሙጫ ይሆናል፤ አቧራም ይሰበስባል። ለብረቱ ስስ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። ቀንዱና ቆዳው ላይ ምንም አይቀቡ።

እጀታው ከምን እንደሆነ ሳያውቁ መሸጥ

አንዳንዱ እጀታ የአውራሪስ ቀንድ ወይም የዝሆን ጥርስ ነው። የብርቅ እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይቲስ ስምምነት ሁለቱም ድንበር ሲሻገሩ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፤ በጥንታዊ ዕቃ ላይ ቢሆኑም ፈቃድ ሊጠየቁ ይችላሉ። ቱርክ ውስጥ ገዝተው ከሆነ ደግሞ የ1983 እ.ኤ.አ. ሕግ ቁጥር 2863 ጥንታዊ ቅርስ ያለ ሙዚየም ሰነድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ከመግዛትዎ በፊት ሰነዱን ከሻጩ ይጠይቁ።