የዝዋይ ደሴት ባለታሪኮችን ለመጻፍ

አዳማ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ፤ እናቴ የዝዋይ ሐይቅ ደሴት የሆነችው የቱሉ ጉዶ ልጅ ናት። የሐይቁ ደሴቶች ነባር ነዋሪ ስለሆነው ስለ ዛይ ሕዝብ ስመ ጥር ሰዎች መጻፍ ለሚፈልጉ ተማሪዎቼ የምመክረው ይህን ነው።

መጀመሪያ እዚሁ አዳማ ያሉትን የዛይ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፤ ባቱ (ዝዋይ ከተማ) ስትደርሱ የማንን ደጅ እንደምታንኳኩ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። በሞጆና በመቂ አድርጋችሁ ባቱ ውረዱ፤ ከዚያ በጀልባ ትሻገራላችሁ።

አዛውንቱን «መቼ ተወለዱ?» አትበሏቸው። «ጣሊያን በ1928 ሲገባ አባትዎ አግብተው ነበር? በ1966ቱ አብዮት እርስዎ ምን ይሠሩ ነበር?» በሏቸው። ዘመኑ በዚህ ይገኛል። በዛይኛ ማውራት ከፈለጉ በዛይኛ ቅዱ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። ቋንቋው ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል፤ ተናጋሪውም ጥቂት ስለሆነ ድምፁ ራሱ ቅርስ ነው።

በቱሉ ጉዶ ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም ካህናት፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ወደዚያ መሸሹን ይተርካሉ። ይህን «ትውፊት» ብላችሁ ጻፉት። የብራና መጻሕፍቱን ግን ሳታስፈቅዱ አትንኩ፣ ፎቶም አታንሱ። ከተፈቀደላችሁ ኅዳጉን በደንብ እዩ፤ መጽሐፍ ያጻፈ ወይም የሰጠ ሰው ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ይሰፍራል። የክርስትና ስምና የዓለም ስም ስለሚለያዩ አንዱን ሰው ሁለት እንዳታደርጉት ቤተሰቡን ጠይቁ።

ካህናትና ሹማምንት ብቻ አይበቁም። የታወቀች ፈታይ፣ ማዕበል የሚያውቅ ቀዛፊ፣ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ያለማ ገበሬ፣ ሁሉም በስማቸው ይግቡ። ያለ ፈቃዳቸው ግን የማንንም ስም አታውጡ፤ የጻፋችሁትንም መጀመሪያ ለራሳቸው አንብቡላቸው።