ሌሊት ተነስታችሁ ለምትሮጡ፦ እንቅልፋችሁን እንዴት ታስተካክላላችሁ?

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ብቅ ብትሉ አስፋልቱ በሯጭ ተሞልቷል። ግማሹ ኅዳር ላይ ለሚካሄደው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ይዘጋጃል። ግማሹ ደግሞ ደም ግፊት ወይም ስኳር አለብህ ተብሎ ነው። ስንጨዋወት ግን አብዛኞቻችን ከ6 ሰዓት በኋላ የተኛን ነን። እኔም አንድ ዓመት ያህል በ5 ሰዓት እንቅልፍ ሮጫለሁ። ፍጥነቴ ንቅንቅ አላለም፤ ድካሙ ብቻ ተጠራቀመብኝ።

ስንሮጥ ወይም ብረት ስናነሳ ጡንቻ ይጎዳል። የሚጠገነው ስናርፍ ነው። ጥገናውን የሚያግዘው የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቀው በሌሊቱ መጀመሪያ፣ ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ስንሆን ነው። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልጋል።

ክብደት ለመቀነስ የምትሮጡ ይህን ስሙ። በፈረንጆቹ 2010 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሰዎች ለ14 ቀን ምግባቸውን ቀንሰው አንዴ 8 ሰዓት ተኩል፣ ሌላ ጊዜ 5 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ 3 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። እንቅልፍ ባጡበት ጊዜ ግን የጠፋው ስብ ከግማሽ በታች ወረደ። አብዛኛው የቀነሰው ከሌላው የሰውነት ክፍል፣ ከጡንቻው ጭምር ነው።

1. ከመነሻ ሰዓት ወደኋላ ቁጠሩ

ከከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች እንቅልፋችን ከሁለት በኩል ይቆረጣል። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የመንገድ መዘጋጋት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከቤት የሚወጣ ሰው 45 ደቂቃ ልሩጥ ካለ 11 ሰዓት መነሳት አለበት። ቢያንስ 7 ሰዓት እንዲተኛ ማታ 3 ሰዓት ተኩል አልጋ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ቤቱ የሚደርሰው 2 ሰዓት ተኩል ከሆነ ለራትና ለልጆች የሚቀረው አንድ ሰዓት ነው። በየቀኑ አይሆንም። ስለዚህ በየቀኑ አትሩጡ። በሳምንት 3 ቀን ምረጡ፤ በሌሎቹ ቀናት እስከ 11 ከ45 ተኙ። ስንፍና ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን እንቅልፉ ራሱ የልምምዱ ክፍል ነው እላለሁ።

2. በ15 ደቂቃ ሳቡት

ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የምትተኙ ዛሬውኑ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ብትጋደሙ ጣሪያ ስታዩ ታድራላችሁ። በየሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ ብቻ ቀደም አድርጉት።

3. ቡናውን ወደ ጠዋት አምጡ

ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ማታ 12 ሰዓት የጠጣችሁት አቦል ግማሹ 5 ሰዓት ላይም አብሯችሁ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ባትጠጡ ጥሩ ነው። ችግሩ ጎረቤት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ኑ ቡና ጠጡ» ተብሎ እንዴት ይቀራል? አትቅሩ። ሂዱ፣ ፈንዲሻውን ብሉ፣ ተጫወቱ፣ ካልቀረም ቀጠን ያለውን በረካ ተቀበሉ። እሁድ ተራው የእናንተ ሲሆን ጎረቤቶቻችሁን ጠዋት ጥሯቸው። ጫትም እንቅልፍ ይነሳል። መጠጥ ቶሎ ቢያስተኛም ሌሊቱን ይቆራርጠዋል።

4. እግራችሁን ታጠቡ

የእናቶቻችን ልማድ ትክክል ነበር። እግር በሞቀ ውሃ ሲታጠብ የቆዳው የደም ስሮች ይሰፋሉ፤ የውስጥ ሙቀት በዚያ ይወጣል። እንቅልፍ የሚመጣው ደግሞ የውስጥ ሙቀት ሲወርድ ነው። የሱሉልታና የሰንዳፋ ብርድም ለዚህ ይጠቅማል፤ እግር በካልሲ፣ ገላ በጋቢ ይሙቅ እንጂ ክፍሉ ቀዝቀዝ ቢል አይጎዳም። ለውሻ ጩኸት ጆሮ ላይ ጥጥ። ስልክ ሌላ ክፍል ቻርጅ ይደረግ።

5. ሌሊቱ ከተበላሸ

ልጅ ታሞ ወይም ለቅሶ ቤት አምሽታችሁ 4 ሰዓት ብቻ ከተኛችሁ፣ ያን ጠዋት የፍጥነት ልምምድ ይቅር። በእግር ተራመዱ ወይም ተኙ። ከቻላችሁ ከምሳ በኋላ 20 ደቂቃ ሸለብ አድርጉ።

በቂ ሰዓት ተኝታችሁም ደክሟችሁ የምትነሱ ከሆነ፣ አብሯችሁ የሚተኛውን ሰው ጠይቁ። በኃይል ታንኮራፋላችሁ? መሃል ላይ ትንፋሻችሁ ቀጥ ይላል? እንደዚያ ከሆነ ሰዓት በማስተካከል አይፈታም፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።