ከርነል ውስጥ ፍተሻ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኔ ደሴ፣ ሰርቨሩ ኮምቦልቻ። በሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የሚሠራውን የኔትወርክ ድራይቨር፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዱን የሚያሠራውን ኮድ፣ ሳሻሽል አንድ መስመር ጨመርኩ፦ የመጣው ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የዳታ ቁራጭ) ርዝመቱ ዜሮ ከሆነ «ባግ ኦን» (BUG_ON፣ ሁኔታው ከተከሰተ ሥራውን የሚያስቆም ፍተሻ)። ዜሮ ሊሆን አይችልም ብዬ ነበር። አንድ ምሽት ሆነ፤ ማሽኑም ደረቀ። በሌሊት የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ቁልፉን በእጄ እስክጫን ድረስ ሥራው ሁሉ ቆመ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፦ «ሊሆን አይችልም» ብሎ ማሽኑን መግደል። ሊኑክስ ላይ «ባግ ኦን» ሲነሳ በዚያች ቅጽበት የሚሠራውን ፕሮሰስ ይገድላል። ፕሮሰሱ የያዘው ሎክ (የጋራ ዳታን ሌሎች እንዳይነኩት የሚዘጋ ቁልፍ) ግን አይፈታም፤ ሎኩን የሚጠብቁት ተራ በተራ ይቆማሉ፣ ውሎ አድሮ ማሽኑ በሙሉ ይታነቃል። ኮዱ የሚሠራው ኢንተረፕት ውስጥ (ሃርድዌሩ የተያዘውን ሥራ አቋርጦ ከርነሉን ሲጠራ) ከሆነ ደግሞ ከርነሉ ወዲያው ፓኒክ ያደርጋል፣ ማለትም ማሽኑን በሙሉ ያቆማል፤ የእኔም ፓኬት የተነሳው እዚያ ነበር። ከሁሉ ያንገበገበኝ የማስረጃው መጥፋት ነው። መልእክቱ ሜሞሪ ላይ ነበር፣ ዲስክ ላይ አልደረሰም። ጠዋት ሎጉን ስከፍት ምንም የለም። ስህተቱን እንዲያሳየኝ የጻፍኩት መስመር ራሱ ስህተቱን ቀበረብኝ።

ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ የአውቶቡስ አንድ መብራት ቢቃጠል ሹፌሩ መንገድ መሐል ሞተር አጥፍቶ አይወርድም። ለረዳቱ ነግሮ፣ ቀስ ብሎ ኮምቦልቻ ይገባል። ከርነልም ችግሩን መዝግቦ፣ የስህተት ኮድ መልሶ መቀጠል አለበት። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2016 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ 4.8 ሊወጣ ሲል በገባ አንድ «ባግ ኦን» ክፉኛ ተቆጥቶ ነበር፤ ዛሬ የከርነሉ መመሪያ በአዲስ ኮድ ውስጥ አትጠቀሙበት ይላል።

እኔም «ባግ ኦን»ን በ«ዋርን ኦን» (ማስጠንቀቂያ ጽፎ በሚቀጥል ፍተሻ) ተክቼ አረፍኩ። ይህም ሁለተኛ ስህተት ነበር። «ዋርን» የከርነሉን የራሱን ጉድለት መናገሪያ ነው እንጂ ከውጭ ለሚመጣ ነገር አይደለም። «ፓኒክ ኦን ዋርን» (ማስጠንቀቂያ ሁሉ ፓኒክ እንዲሆን የሚያደርግ ቅንብር) የበራበት ማሽን ላይ አንድ ባዶ ፓኬት የላከ ሁሉ ማሽኑን ሊጥለው ይችላል። ባይበራም በየፓኬቱ የሚደገም ማስጠንቀቂያ ሎጉን ያጥለቀልቃል። ትክክሉ ፓኬቱን ጥሎ የተጣሉ ፓኬቶችን ቆጣሪ አንድ መጨመር ነበር፤ ይኸው ነው። እውነተኛ የውስጥ ጉድለት ሲሆን ግን «ዋርን ኦን ዋንስ» አንዴ ተናግሮ ዝም ይላል።

ፍተሻው ውስጥ ሥራ አትሥሩ። «ቪኤም ባግ ኦን» (የሜሞሪ አስተዳደር ኮድ የሚጠቀምበት የ«ባግ ኦን» ዓይነት) የዲበግ አማራጩ ሲጠፋ በውስጡ የጻፋችሁትን ጨርሶ አያስኬደውም፤ የፋንክሽን ጥሪ ከከተታችሁ ጥሪውም አብሮ ይጠፋል።

የስትራክት (በአንድ የተጠቀለለ ዳታ) መጠንን የመሰለ፣ ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም) የሚታወቅ ነገር ማሽኑ እስኪነሳ አይጠብቅም፤ «ቢልድ ባግ ኦን» ኮምፓይሉን እዚያው ያስቆመዋል።

ይህን ሁሉ ስል በጭራሽ አይቁም ማለቴ አይደለም። የፋይል ሲስተሙ መዋቅር ከተበላሸ በኋላ መጻፍ መቀጠል የሰውን ዳታ ማጥፋት ነው። ያኔም ቢሆን ማሽኑን ከመግደል በፊት መካከለኛ መንገድ አለ፦ ኤክስት4 የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ስህተት ሲያገኝ ዲስኩን ለንባብ ብቻ እንዲያደርገው ማዘዝ ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ይሙት ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው ድራይቨር ጸሐፊው ሳይሆን የማሽኑ ባለቤት ነው፤ «ፓኒክ ኦን ኡፕስ» (በከርነል ስህተት ፓኒክ የሚያስደርግ ቅንብር) እና «ኬደምፕ» (ከርነሉ ሲወድቅ የሜሞሪውን ቅጂ የሚያስቀምጥ መሣሪያ) የተሠሩት ለእሱ ነው። «ከርነል ፓኒክ» የሚባለው ቅንብር 0 ሲሆን ማሽኑ ከፓኒክ በኋላ ሰው እስኪደርስለት ፈዞ ይጠብቃል፤ 10 ከሆነ በ10 ሰከንድ ራሱ ይነሳል። ኮምቦልቻው ላይ 0 ነበር። ያን ሌሊት ሳልመለስ 10 አደረግሁት።