አፍንጫውን ትቶ ፊታችሁን የሚያይ ውሻ፦ የማነፍነፍ ፍለጋ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ ጨዋታውን ለሚያውቁ ነው። የበግ ቆዳ ቁራጭ ደብቃችሁ ወይም መሬት ለመሬት ጎትታችሁ፣ ውሻው ጠረኑን ተከትሎ እንዲያገኘው ታለማምዳላችሁ ብዬ እነሳለሁ። ውሃ መያዝን፣ ከልምምድ በፊት ሆዱን አለመሙላትን፣ ክትባትንና ረጅም ገመድን አልደግምም። ሰዎች ውሻቸውን ይዘው ሲመጡ ብዙ ጊዜ የሚነግሩኝ «ሰልችቶታል» ብለው ነው። አፍንጫው ውስጥ ከ200 ሚሊዮን በላይ ጠረን ተቀባይ ሕዋሳት ያሉት እንስሳ (እኛ ያለን ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ነው) ማነፍነፍ አይሰለቸውም። የሚሰለቸው የባለቤቱ ጣልቃ ገብነት ነው።

ምልክት፦ በደንብ ጀምሮ መሀል ላይ ያቋርጣል፣ አፉን ከፍቶ ያለከልካል

ሙቀት ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። እንደ እኛ በመላ አካሉ ስለማያልበው የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ሲያነፈንፍ በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል አየር በአፍንጫው ይስባል፤ እያለከለከ ያንን በወጉ ሊሠራ አይችልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ የደሴ ውሻ በሌላ አየር ውስጥ ነው የሚሠራው። ኮምቦልቻ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ 2 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ምላሱ ከጠቆረ፣ ምራቁ ከወፈረ ወይም ከተንገዳገደ ልምምዱ አብቅቷል፦ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አናፍሱለት፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ምልክት፦ የጎተታችሁበትን መስመር ትቶ አፍንጫውን ሽቅብ አንስቶ ይዞራል

ውሻው ልክ ነው፣ እናንተ ተሳስታችኋል። ጠረን እንደ ክር መሬት ላይ ተዘርግቶ አይቆይም፤ ከአየር ጋር ይሄዳል። ጠዋት ከደሴ በላይ ባለው የጦሳ ተራራ ግርጌ ስትቆሙ ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወደ ከተማው ይወርዳል። ፀሐይ ዳገቱን ካሞቀች በኋላ ተገልብጦ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ማለዳ ላይ ከተደበቀው ቆዳ በታች፣ ረፋድ ላይ በላይ በኩል ሆኖ ያነፈነፈ ውሻ ቀድሞ ያገኘዋል። ሜዳ ላይ ደግሞ ጠረን ጉድባና የእርከን ግንብ ስር ይጠራቀማል። ውሻው እዚያ ሲሽከረከር ገመዱን ስቦ ወደ «መስመሩ» የሚመልስ ሰው ገራዶ ላይ አይቼ ተቆጥቻለሁ። ውሻው ሦስተኛ ጊዜ ሲሳብ መሬት ላይ ተኛ። እኔም ብሆን እተኛ ነበር። ገመዱን አላሉት፣ ዝም በሉ፣ ይዙር።

ምልክት፦ ጥቂት አነፍንፎ ይቆማል፣ ዞሮ ፊታችሁን ያያል

ዋናው ይህ ነው። ከሚመጡልኝ ውሾች አብዛኞቹ ይህ ነው ያለባቸው፤ የሚያስመርረኝም ይኸው ነው። አካሄዱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ፈልግ» ይባላል። ውሻው ይነሳል፣ ሁለት ሦስት ድንጋይ ያሸታል፣ ጆሮውን አቁሞ ባለቤቱን ያያል። ባለቤቱ «ፈልግ!» ይላል። አንድ እርምጃ ሄዶ እንደገና ያያል። «ፈልግ አልኩህ!» በመጨረሻ ሰውየው ሳይታወቀው ወደ ቦታው ጠጋ ይላል፣ ውሻው ይቀድመዋል፣ ቆዳውን ይነካል፣ ለክፍያ የተያዘለትን ጉበት ይበላል። «አገኘው!» ይባላል። ማን አገኘው? ቆዳውን የደበቀው ሰው ነው ያገኘው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የደበቀው ሰው ቦታውን ያውቃል፤ ያወቀውንም አካሉ ይናገራል። የጫማው ጫፍ ወደዚያ ይዞራል። ውሻው ሲቀርብ ትንፋሹን ይይዛል። ሲርቅ ገመዱ ይወጠራል። ውሻ ይህን ሁሉ ያነባል፤ ሰውን ማንበብ ደግሞ ነፋስ ውስጥ ጠረን ከመለየት በጣም ይቀለዋል። በቀላሉ እየተከፈለው ለምን ይደክማል?

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የጀርመን ሼፐርድ ባለቤት «ጋሼ፣ ወላሂ ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ጠላው» አለኝ። ውሻውን ትቼ ሰውየውን ተመለከትኩ። ውሻው ወደ ቆዳው ሲጠጋ ቀኝ እጁ ጉበት ወደ ያዘበት የጃኬቱ ኪስ ይገባል፤ ሲርቅ ይወጣል። እሱ ይህን ማድረጉን አያውቅም። ውሻው ግን የሚሠራው በዚያች እጅ ነበር። ሰውየው ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ እንዲቀመጥ አደረግሁ፤ ቆዳውን አንድ የሰፈር ልጅ ደበቀው። ውሻው መጀመሪያ ባጃጇን ዞረ፣ ጎማውን አሸተተ፣ ተቀምጦ ጮኸ። መልስ የሰጠው የለም። ቆይቶ ነፋሱ ከግንቡ በኩል ሲመጣ አንገቱ ተጠመዘዘ፤ ጭራው ቀስ ብሎ መወዛወዝ ጀመረ። ከዚያ ማንንም ሳያይ ሄዶ አፍንጫውን ከግንቡ ስር ባለ ስንጥቅ ውስጥ ወሸቀ። ጠላው የተባለው ውሻ ይህ ነው።

ሌላው ጣጣ ፌስታል ነው። ቆዳውንም ጉበቱንም በአንድ ፌስታል ቋጥሮ የሚመጣ ሰው ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ቆዳው ጉበት ጉበት ይሸታል፤ ውሻው የሚፈልገው ጉበት ይሆናል፣ ቆዳው ብቻውን ሲደበቅ አያውቀውም። ሁለተኛ፣ የፌስታሉ ኮሽታ ራሱ ምልክት ይሆናል። ሆጤ አካባቢ ያየኋት አንዲት ቡናማ የአበሻ ውሻ ፌስታል ኮሽ ባለ ቁጥር ፍለጋዋን ጥላ ትመለስ ነበር። ባለቤቷ እልኸኛ ናት እያለ ያማርር ነበር። ፌስታሉን ነጠቅኩት። ቆዳውን ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ብልቃጥ፣ ጉበቱን በሌላ ዕቃ፣ ለየብቻ አስቀምጡ። ቆዳውን ጉበት በነካ እጅ አትንኩት።

ሦስተኛው ስውር ነው። ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚደብቅ ከሆነ ውሻው የሚከተለው የዚያን ሰው ዱካ ሊሆን ይችላል። ዱካው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቆዳው አለ፤ ሥራው አለቀ። ሌላ ሰው ሲደብቅ ግን ውሻው ግራ ይጋባና ወደ እናንተ ይመለሳል። ባለቤቱም «ትናንት ያገኘውን ዛሬ አቃተው» ይላል።

አሁን መፍትሄው። መጀመሪያ ቦታውን የማታውቁበት ፍለጋ አዘጋጁ። ሌላ ሰው ይደብቅ፤ ሲደብቅም አምስት ስድስት ቦታ እየረገጠና እየነካ ይለፍ፣ ቆዳውን ግን አንዱ ላይ ብቻ ይተው። ሲጨርስ ከአካባቢው ይራቅ፤ በሩቅ ቆሞ ፈገግ የሚል ደባቂ ከባለቤቱ አይሻልም። ቦታው ቀላል ይሁን፦ ነፋሱ ከቆዳው ወደ ውሻው የሚመጣበት፣ ከአምስት ሜትር የማይበልጥ። «ፈልግ» አንድ ጊዜ በሉ። አንድ ጊዜ። ከዚያ እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምራችሁ ጦሳን ተመልከቱ። ውሻው መጥቶ ያፈጥባችኋል፣ ያላዝናል፣ በመዳፉ ይቧጥጣችኋል፤ አትናገሩ፣ አትዩት፣ አትንቀሳቀሱ። ይህ ዝምታ ለብዙ ሰው ከልምምዱ ሁሉ ይከብደዋል። ፊቱን አዙሮ ማነፍነፍ ሲጀምርም «ጎበዝ!» አትበሉ፤ ብትሉ ሥራውን አቋርጦ ይመለሳል። ሲያገኝ ግን ፈጥናችሁ ሂዱና ቆዳው ባለበት ቦታ፣ እዚያው፣ ክፈሉት። ወደ እናንተ ጠርታችሁ ከከፈላችሁት የተከፈለው ለመምጣቱ እንጂ ለማግኘቱ አይደለም።

አንድ ፍለጋ ከሁለት ከሦስት ደቂቃ አይለፍ፤ በአንድ ጠዋት ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል። ገና እየፈለገ፣ ገና እየጓጓ አቁሙ። «አንድ ብቻ እንጨምር» የምትባለው ያቺ የመጨረሻ ፍለጋ ናት ብዙ ውሻ ያበላሸችው። ካቃተው ደግሞ አውጥታችሁ አታሳዩት። ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት በጣም ቀላል የሆነ ሌላ ደብቃችሁ አግኝቶ ይግባ። በሁለትና በሦስት ሳምንት ፊታችሁን ማየቱን ይተዋል። ሳያገኝ ሲቀር በገመድ የሚገርፍ ሰው ካለ ይህን ማንበቡን ያቁምና ውሻውን ለሌላ ሰው ይስጥ።

ምልክት፦ ያገኛል፣ ግን ጉጉት የለውም

ክፍያው ረክሷል። ጠዋት የበላውን ደረቅ ዳቦ እየሰጣችሁ እንዲሮጥ አትጠብቁ። የተቀቀለ ጉበት በሽምብራ መጠን ቆርጣችሁ ያዙ፤ ለፍለጋ ብቻ ይሁን፣ ቤት ውስጥ አያግኘው። ጥሬ ጉበትና ሳንባ አትስጡ፤ የውሻን ትል ወደ ውሻው፣ ከውሻው ወደ ልጆቻችሁ የሚያሻግር ይህ ነው። ከወጥ የተረፈ ሥጋም አይሁን፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። መሬት ላይ ወርውራችሁም አትክፈሉ፤ በእጃችሁ ስጡ። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ሥጋ ውስጥ በተደረገ መርዝ ማስወገድ በከተሞቻችን የታወቀ ነገር ነው፤ መሬት ላይ ያገኘውን መብላት የለመደ ውሻ አንድ ቀን እሱን ያገኛል።

መብል የማይስበው ውሻ በጨዋታ ይከፈላል። በየመንገዱ የሚሸጠውን ሲጫኑት የሚጮህ ፕላስቲክ አትግዙ፤ በአንድ ንክሻ ይፈርሳል፣ ውስጡ ያለችው ፊሽካ አንጀት ውስጥ ትቀራለች። ልጆች የሚጫወቱባት ጠበቅ ተደርጋ የተሰፋች የካልሲ ኳስ ትበልጣለች። ተጓተቱ፣ አሸንፎ ይውሰዳት፣ ከዚያ ደብቋት።

ምልክት፦ ፍለጋውን ጥሎ ይሮጣል፣ ወይም አንዳች ሳይኖር ጭራውን ቆልፎ ይቆማል

ከሮጠ ጥንቸል ወይም ሚዳቋ አሽትቷል። ያለ ፈቃድ ዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለጨዋታውም አይበጅም፣ አንድ ጊዜ ያሳደደ ውሻ የደረቀ ቆዳ አይመስጠውም። አትፍቱት፤ በአሥር ሜትር ገመድ ይዛችሁ አሠሩት። ይህን ስል በገበያ የሚገኘውን ቀጭን ናይለን ማለቴ አይደለም፤ እጃችሁን ይልጣል፣ የውሻውን አንገት ይቆርጣል። ሰፊ ጠፍር በደረት ማሰሪያ ላይ እሰሩ። ደጋ የምትወጡም ልብ በሉ፦ ደቡብ ወሎ ውስጥ ቦረና ሳይንት ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም። የሚገድሉት ትልልቅ በሽታዎች፣ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ ቫይረስ፣ የሚደርሱት ከቤት ውሻ ነው። እዚያ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ጭራውን ቆልፎ ከቆመ ሌሊት ጅብ አልፎበታል። አትግፉት፣ ቦታ ቀይሩ። ልጆች ድንጋይ ይዘው ከኋላ የሚከተሉ ከሆነም እንዲሁ ያደርጋል፤ ከኋላው ድንጋይ የሚጠብቅ ውሻ ከፊቱ ያለውን አያሸትም። ልጆቹን ከማባረር አንዱን ደባቂ አድርጉት፤ ሌሎቹ ዝም ብለው ያያሉ።

በዒድ፣ በፋሲካና በቅርጫ ማግስት ሰፈሩ ሁሉ ደምና አንጀት ይሸታል። ዕረፉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ሣር ውስጥ ሲሠራ ድንገት ያለማቋረጥ ካስነጠሰና አፍንጫውን በመዳፉ ከፈተገ የሾለ የሣር ፍሬ ገብቶበታል፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ።

ለተቅማጥ ሜትሮኒዳዞል በከፍተኛ መጠን የሚወስድ ውሻ የማሽተት ችሎታው ሊቀንስ ይችላል፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ አሥር ቀን ያህል ጠብቁት፣ እስከዚያ አትፍረዱበት።

ከአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ትኩስ ደም ከፈሰሰና ከቦርከና ወይም ከኩሬ ውሃ ጠጥቶ ከነበረ አልቅት ይሆናል። ጥቂት ሰዓት ውሃ ከልክላችሁ ንጹሕ ውሃ በሳህን ስታቀርቡለት ጫፏ ብቅ ትላለች። በጣት አትጎትቷት፣ ታንሸራትታችሁና ተመልሳ ትገባለች፤ በጨርቅ ወይም በወረንጦ አጥብቃችሁ ያዟትና ቀስ ብላችሁ አውጧት። ካልወጣች ሐኪም ያውጣት፤ ደሙ እስኪቆምና ውሻው ማስነጠሱን እስኪተው ድረስም ፍለጋ የለም።